ምዕራፍ ዘጠኝ፦ በጮቄ ራስ ላይ የሚከበር ልደት

በአገራችን ሰው የተወለደባት ዕለት በየዓመቱ በኬክና በሻማ መታሰብ የጀመረችው በቅርብ ዘመን፥ ያውም በከተማ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የሚደገሰው ድግስ፥ ኋላም በየወሩ የሚዘከረው የጻድቁ ወይም የመልአኩ ዕለት የልደትን ስፍራ ይዞ ይኖር ነበር፤ እንደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን በመላ አገሪቱ ይከበር እንደ ነበረው ያለ የንጉሥ ልደት ካልሆነ በቀር፥ የአንድ ሰው የልደት በዓል በአደባባይ የሚታወቅ ነገር አልነበረም። አዲሱም ልማድ ከአዳራሹ፥ ከኬኩና ከሙዚቃው ጋር ተጣምሮ ስለ መጣ፥ በእግር ጉዞ ላይ ሳለ የልደቱ ዕለት የምትደርስበት ወጣት፥ ወይ በዓሉ እንደ ቀረበት ቈጥሮ ያዝናል፥ ወይ ደግሞ ግብዣውን ሁሉ በጀርባው ተሸክሞ አቀበቱን ሊወጣ ይነሣል። ሁለቱም አያስፈልግም፤ ልደትን በሜዳና በተራራ፥ በጥቂት ስንቅ ለማክበር አያቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት ሥርዓት በእጃችን አለና።

ሥርዓቱም ግንቦት ልደታ ነው። ኢያቄምና ሐና እመቤታችንን ከቤታቸው ርቀው፥ በሊባኖስ ተራራ ሳሉ እንደ ወለዷት በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነገራልና፥ ግንቦት 1 ቀን የመንደሩ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በደጅ ይሰበሰባል፤ አንዷ ስንዴውን፥ ሌላዋ ባቄላውንና ሽምብራውን ቀቅላ ታመጣና ንፍሮው በአንድ ሰፌድ ላይ ይደባለቃል፤ ዳቦው ይቈረሳል፥ ቡናው ይፈላል፥ መንገደኛውም ቢሆን ጠጋ በል ተብሎ እፍኝ ንፍሮ ሳይቀበል አያልፍም። ትልቋ እናት ብድግ ብለው ለከርሞ ያድርሰን ሲሉ፥ ሕፃኑም ሽማግሌውም ባንድ ድምፅ አሜን ይላል። በዚህ ማዕድ ላይ ጠረጴዛ የለም፥ ሹካም የለም፥ ቀርቶ የሚያሳዝን ነገርም የለም፤ በመዳፍ ይቀርባል፥ በመዳፍ ይበላል፥ የተረፈውም በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይሄዳል። ልደቱን በመንገድ ላይ ለሚያከብር ሰው ከዚህ የተሻለ አብነት እኔ አላውቅም።

ቀላል ጭነት ይዞ መጓዝም ቢሆን ጮቄ ለሚገኝበት ለጎጃም እንግዳ ትምህርት አይደለም። ቅኔ ፍለጋ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፥ ከዲማ ጊዮርጊስ ወደ ደብረ ኤልያስ የሚመላለሰው የቆሎ ተማሪ፥ ሀብቱ ሁሉ ደበሎው፥ አኩፋዳውና ዱላው ነበረ፤ ደበሎው ቀን ልብስ፥ ሌሊት ምንጣፍና ብርድ ልብስ ሆኖ ያገለግለዋል፥ ዱላውም አንድ ጊዜ ምርኩዝ፥ አንድ ጊዜ የውሻ መከላከያ ነው። አንዱ ዕቃ ሁለትና ሦስት ሥራ እንዲሠራ ማድረግ፥ የዛሬዎቹ የእግር ተጓዦች በብዙ መጻሕፍት የሚያስተምሩት ዋና ሕግ ነው፤ እነርሱ ምግብን፥ ውሃንና ነዳጅን ሳይጨምሩ ከ9 ኪሎ በታች የሆነውን ሸክም ቀላል፥ ከ4.5 ኪሎ በታች የሆነውን ደግሞ እጅግ ቀላል ብለው ይመድቡታል። ኤማ ጌትውድ የተባሉ አሜሪካዊት አያት እ.ኤ.አ. በ1955፥ በ67 ዓመታቸው፥ ከ3,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የአፓላሽያን መንገድ በገዛ እጃቸው የሰፉትን ከረጢት በትከሻቸው አንግተው ፈጽመውታል፤ የእኛ የቆሎ ተማሪ ቢያያቸው የትምህርት ቤት ጓደኛው መስለው ይታዩት ነበር።

እንግዲህ ልደቱን በጮቄ ተራራ ለማክበር ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የአገሩን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በስናን ወረዳ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገደኛ፥ የጤፉንና የስንዴውን ማሳ ወደ ኋላ ትቶ ወደ ገብሱና ወደ ድንቹ አገር ይገባል፤ ከዚያም በላይ አስታው፥ ጓሳውና፥ በቁመቱ ከሰው የሚበልጠው ጅብራ ብቻ የሚታይበት ውርጫማ ምድር ይጠብቀዋል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲሆን የተራራው ራስ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩም በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ በደብረ ማርቆስ ጋቢ የሚበቃው ብርድ በላይ ዐሥር ዲግሪ ገደማ ጨምሮ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ከሸክምህ ለበዓሉ ብለህ የምትቀንሰው ነገር ቢኖር፥ የሌሊቱ ልብስና የዝናቡ መከላከያ ከቶ አይሁን።

የከፍታው ሁለተኛ ጠባይ ማብሰያውን የሚመለከት ነው። አየሩ በሳሳ መጠን ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው በ4,000 ሜትር ላይ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና፥ ባቄላ ቀቅዬ ንፍሮ እሠራለሁ ያለ ሰው ነዳጁን ጨርሶ ጥሬውን ይዞ ይቀራል። ንፍሮው በዋዜማው በከተማ ተቀቅሎ፥ ውሃው ተጠንፍፎ፥ ቀዝቅዞ ይቋጠር፤ የብርዱ አገር ለአንድ ቀን ሳያበላሸው ያቈይልሃል።

የበዓሉ ዋና ምግብ ግን በሶ ይሁን። ገብሱ አስቀድሞ ተቈልቶ የተፈጨ ስለ ሆነ እሳት አይሻም፥ አይሰበርም፥ አይፈስም፥ ኬክ በቦርሳ ውስጥ ሲረጋገጥ እንደሚሆነውም አይሆንም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በኩባያህ ሁለት እፍኝ በሶ ታደርጋለህ፥ ጨው በጣትህ ቈንጥረህ ትነሰንሳለህ፥ የጎጃምን ማር ከትንሽ ብልቃጥ ታንጠባጥብበታለህ፥ ውሃውን ግን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርህ፥ ዱቄቱ ከኩባያው ግድግዳ ለቅቆ ወደ መካከል እስኪሰበሰብ ድረስ ታሻለህ። ያን ጊዜ የተቈላው ገብስ ሽታ ይነሣል። አንዱን ትልቅ ሙልሙል አድርገህ አናቱን በጣትህ በመስቀል ምልክት አትመህ፥ ለባለ ልደቱ አስቈርሰው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልሆነ፥ ጾምም ካልገባ፥ የተነጠረ ቅቤ ቢጨመርበት ለብርዱ የተመረጠ ነው፤ በጾም ቀን ኑግ ወይም ተልባ ይተካዋል።

ስለ ሻማው፦ በኬክ ላይ የሚሰኩትን ባለ ቀለም ሻማዎች ተዋቸውና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አንዲት ጧፍ ግዛ። ክብደቷ ከምንም አይቈጠርም፥ ብርሃኗም ለዕለቲቱ ክብር ይስማማል። ነገር ግን የደረቀ ጓሳ እሳትን ለመቀበል እጅግ የፈጠነ ስለ ሆነ፥ በድንኳንም ውስጥ እሳት ማብራት አደገኛ ስለ ሆነ፥ ጧፏን በኩባያ ውስጥ አቁመህ በባዶ ድንጋይ ላይ አብራ። ቡና ለሦስት ሰው የሚበቃ ተቈልቶ ተወቅጦ ይወሰድ፤ ጀበናው በከተማ ይቅርና ውሃውን በምታፈላባት ትንሽ ብረት ድስት አፍላው፥ አቦል ቶናውም አይቅር። ማሩ፥ ቡናውና ጧፏ ተደምረው ከግማሽ ኪሎ ባይበልጡ መልካም ነው። ስጦታም ቢሆን የሚበላ ወይም በዚያው ጕዞ የሚያገለግል ይሁን፤ የሱፍ ካልሲ ለወዳጁ ያመጣ ሰው ከጌጥ ሁሉ የበለጠ አመጣ።

አረቄ ግን ወደ ተራራው አይውጣ። በዚህ ነገር ላይ ማመቻመች አልወድም። አረቄ ወደ ቆዳ የሚሄደውን ደም ስለሚያበዛ ለጊዜው ያሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል፥ ማስተዋልንም ይነሣል፤ ከፍታው ራስ ምታት ያመጣበት ሰው ከሆነ ደግሞ ሕመሙን ከስካር መለየት አይቻልም።

ቀኑ በክረምት የሚውልበት ሰውስ ምን ያድርግ? በሐምሌና በነሐሴ ጮቄ በጉምና በዝናብ ተሸፍኖ ስለሚከርም ለቀላል ተጓዥ አይመችም። እዚህ ላይ የአገራችን የቀን አቈጣጠር ሰፊ በር ይከፍታል፤ መታሰቢያው በየወሩ ይመላለሳልና። ሐምሌ 12 የተወለደ በኅዳር ሚካኤል፥ ሐምሌ 16 የተወለደ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት በጠራ ሰማይ ሥር ቢያከብር ዕለቱን ከሥርዓቱ አላወጣም። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የልደቱን ቀን የሚያገኘው የጳጉሜን 6 ልጅም ከመስቀል ማግሥት በኋላ የወደደውን ቀን ይምረጥ፤ ማንም አይከሰውም።

በዚህችው በጎጃም ምድር፥ በሰከላ፥ የተደረገ አንድ ነገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከብዙ ድካም በኋላ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ወደ ዓባይ ምንጭ፥ ወደ ግሽ ዓባይ ሲደርስ፥ ለታላቁ ደስታው ያገኘው መጠጥ የምንጩ ውሃ ብቻ ነበረ፤ እርሱንም በኮኮናት ቅርፊት ዋንጫ ቀድቶ ስለ ንጉሡ ስለ ሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ቀድሞት እንደ ደረሰ እናውቃለንና ስለ ቀዳሚነቱ የተናገረውን አንቀበለውም፤ በአንድ ኩባያ ውሃ ታላቅ በዓል ማድረጉን ግን እናመሰግንለታለን። የጮቄም ምንጮች ብዙ ስለ ሆኑ ውሃ ከከተማ መሸከም አያስፈልግም፤ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና ይህ ታላቅ ዕረፍት ነው። ከብቶች በዙሪያው ስለሚሰማሩ ግን ሳይፈላ አይጠጣ።

ብቻህን ወይም ከአንድ ወዳጅ ጋር ብትሆን እንኳ በዓሉን ለብቻ አትያዘው። በሸንተረሩ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ በጎቹን የሚጠብቅ አባት ታገኛለህ፤ ኮፍያህን አውልቀህ፥ እንደምን ዋሉ አባቴ ብለህ፥ የተወለድሁበት ቀን ነውና ይቅመሱልኝ ብለህ በሶውን በሁለት እጅህ ብታቀርብላቸው፥ ቆመው፥ እጃቸውን ዘርግተው፥ ዕድሜ ከጤና ይስጥህ፥ ከዘመን ዘመን ያሸጋግርህ ብለው ይመርቁሃል። በአዳራሽ ውስጥ በጭብጨባ የምናገኘው ነገር ከዚህ ምርቃት ጋር የሚመዛዘን አይመስለኝም። የምትሸከመው ማር በመጠኑ ከፍ እንዲል የምፈቅደው ስለዚህ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ከመነሣትህ በፊት የመንገዱን ሰላም በደብረ ማርቆስ ጠይቅ፥ ሳይነግሩህም አትውጣ፤ ከስናን ሰዎች አንዱን መሪ አድርገህ ዋጋውን በሚገባ ክፈለው። ጨሞጋ፥ ሙጋና ጀደብ ከዚያ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱ ወንዞች ናቸውና፥ ከበዓልህ የተረፈውን ላስቲክና ወረቀት፥ የጧፉንም ጭራፊ ሳይቀር፥ በቦርሳህ ይዘህ ውረድ።