የረጅም ጊዜ ነዋሪነትና የሕግ መለዋወጥ፤ ለነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት

በሰው አገር ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ዘወትር የሚከተለው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የቆየበት ዘመን መብት ያስገኝለታልን? የሚለው ነው። ሕጉ ሳይለወጥ ቢኖር መልሱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ሕግ እንደ ዘመኑ ይታደሳልና፥ ዕድሜውን በንግድ ያሳለፈ ነዋሪ የነገ ዕድሉን ሳያውቅ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ይህም ጉዳይ የዋና ከተማን ነጋዴ ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ዘመዱ ከአሜሪካ ተመልሶ «በሽርክና እንሥራ» የሚለውን የደብረ ወርቅ የእህል ነጋዴም ይነካል።

ሕጉ የመጣበት መንገድ

ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት ሕግ፥ ኢትዮጵያዊ ለመሆን የሚሻ የውጭ አገር ሰው ቢያንስ 5 ዓመት በአገሩ የተቀመጠ፥ ራሱን የሚያስተዳድር፥ በወንጀል ያልተፈረደበት፥ አማርኛንም አጥርቶ የሚናገርና የሚጽፍ መሆን ነበረበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ይህን ሕግ ሽሮ የመኖሪያውን ዘመን 4 ዓመት አደረገ፤ ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባትም በቂ ሆነ።

ይሁንና የሕግ መለዋወጥ ሁልጊዜ በር ይከፍታል ማለት አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ በኢትዮጵያ ተወልደው ሱቅና ቤት የነበራቸው ብዙ ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸው ሰዎች ከአገር እንዲወጡ ተደርገዋል። በ1996 ዓ.ም. መመሪያ ወጥቶ በአገር ውስጥ የቀሩት ዜግነታቸው ወይም ነዋሪነታቸው የሚታወቅበት መንገድ ተበጀ፤ ለብዙዎች ግን ንግዳቸው አስቀድሞ ፈርሷል። በሌላውም ዓለም ነገሩ ይታያል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2025 ለቋሚ ነዋሪነት የሚጠየቀውን 5 ዓመት ወደ 10 ከፍ ለማድረግ ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ፥ ዓመቱን ሲቆጥር የነበረው ሠራተኛ ሁሉ ተጨነቀ።

ለሥራ የሚሆን ምሳሌ

የተመለሰው ዘመድ የአሜሪካ ዜግነት ተቀብሏል እንበል። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድምና፥ በደብረ ወርቅ ቢወለድም በሕግ ፊት የውጭ አገር ዜጋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 390 የውጭ አገር ሰው በልዩ ሕግ ካልተፈቀደለት በቀር የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ደንግጓል። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ሰጥቷል። መታወቂያውን የያዘ ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፥ የማይንቀሳቀስ ንብረትም ሊኖረው ይችላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አልተፈቀደለትም።

ስለዚህ ወፍጮ ቤት በጋራ ለማቆም የተነሡ ሁለት ዘመዳሞች አስቀድመው ሦስት ነገር ይመርምሩ። አንደኛ፥ ሸሪኩ ዜጋ፥ ባለ መኖሪያ ፈቃድ ወይስ ባለ ትውልድ መታወቂያ መሆኑን ይለዩ፤ የሦስቱ መብት ልዩ ልዩ ነው። ሁለተኛ፥ ወረቀቱ የሚያልቅበትን ቀን አይተው፥ ፈቃዱ ባይታደስ ድርሻው እንዴት እንደሚከፈል በውሉ ይጻፉ። ሦስተኛ፥ የአንዱን ገንዘብ በሌላው ስም በእምነት ብቻ አያኑሩ፤ ጠብ በተነሣ ጊዜ የሚናገረው ሰነዱ ነውና።

የሕግን መለዋወጥ ነጋዴ ሊያስቀረው አይችልም። ውሉን አጥርቶ የጻፈ ሰው ግን ሕጉ በተለወጠ ማግስት ዘመዱንና ገንዘቡን በአንድ ቀን አያጣም።