ኢሜይላችሁ ሳትነግሩት የሚናገረው ስም

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አሽቀሎን የሚማር ተማሪ አድልዎ ደርሶበት አቤቱታ መጻፍ ፈለገ እንበል። ማንነቱ እንዳይታወቅ አዲስ የኢሜይል አድራሻ ከፈተ፤ ከደብዳቤው ግርጌም ስሙን አላሰፈረም። የላከው ግን ላፕቶፑ ላይ በተጫነ የኢሜይል ፕሮግራም ነው። ላፕቶፑ ደግሞ የተገዛ ዕለት በሙሉ ስሙ ተሰይሟል። ተቀባዩ ያንን ስም ሊያነበው ይችላል። እንዴት?

ኢሜይል ከምናነበው ጽሑፍ በላይ የተሰወረ ራስጌ አለው። መልእክቱ ያለፈበት እያንዳንዱ ሰርቨር፣ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ላይ ማኅተም እንደሚያሳርፍ ሁሉ፣ እዚያ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል። የላኪው ፕሮግራም ከመጀመሪያው ሰርቨር ጋር ሲገናኝ ሰላምታ ሰጥቶ ራሱን ያስተዋውቃል፤ ኤስኤምቲፒ የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ይህን ይጠይቃል። በኮምፒውተር ላይ እንደሚጫነው አውትሉክ ያሉ ፕሮግራሞች በሰላምታቸው የኮምፒውተሩን ስም ሊናገሩ ይችላሉ። ሰርቨሩም የሰማውን ስም ከአይፒ ቁጥሩ ጋር ይመዘግባል። በ2008 የታደሰው ደንብ ራሱ እነዚህ መስመሮች ምስጢር ሊያወጡ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል።

ዱካ የማይተው የለም። ከ2016 ጀምሮ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች፣ ከእነርሱም መካከል ጃዋር መሐመድ፣ የስለላ ፕሮግራም ወዳለበት ገጽ የሚወስዱ ኢሜይሎች ደርሰዋቸው ነበር። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 2017 ባወጣው ጥናት ፕሮግራሙ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ምርት መሆኑን ገለጸ። ተመራማሪዎቹን የረዳቸው ሰላዮቹ ሰርቨራቸው ላይ ሳይቆልፉ የተዉት መዝገብ ነው፤ ፕሮግራሙን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ከኢትዮጵያ እንደሚገናኙና የተጠለፉት ኮምፒውተሮች በ20 አገሮች እንዳሉ ከዚያ አነበቡ። ሰላዩን ያጋለጠ ዱካ ተማሪውን ማጋለጡ አይገርምም።

አሁን ራሳችሁን ፈትሹ።

1. ከላፕቶፓችሁ ፕሮግራም ወደ ራሳችሁ ጂሜይል መልእክት ላኩ። መልእክቱን ከፍታችሁ ሦስቱን ነጥቦች በመጫን ዋናውን ቅጂ የሚያሳየውን ምረጡ። «ሪሲቭድ» የሚሉትን መስመሮች ከታች ወደ ላይ አንብቡ፤ የመጀመሪያው ማኅተም ከታች ያለው ነው።

2. የኮምፒውተራችሁን ስም ለውጡ። በዊንዶውስ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» ውስጥ ይገኛል። የእናንተን፣ የአባታችሁን ወይም የሰፈራችሁን ስም አትስጡት።

3. ጥንቃቄ የሚሻ ደብዳቤ ስትልኩ ጂሜይልን በብራውዘር ተጠቀሙ። ያኔ የኮምፒውተራችሁ ስምም ሆነ የቤታችሁ አይፒ ቁጥር ለተቀባዩ አይደርስም። ይሁንና አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ያውቃችኋል፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝም ሊጠየቅ ይችላል።

4. ከደብዳቤው ጋር የምታያይዙት የዎርድ ፋይል የጸሐፊውን ስም ሊይዝ ስለሚችል እሱንም ፈትሹ።

በሌላ በኩል፣ ራስጌ ላይ የሰው ስም ስላያችሁ ብቻ «ላኪው እሱ ነው» ብላችሁ አትፍረዱ። የኮምፒውተር ስም ማንም እንደፈለገ የሚሰጠው ነው፤ የታችኞቹን መስመሮችም ላኪው ሊፈጥራቸው ይችላል። የራሳችሁ ሰርቨር የጻፈው መስመር ይታመናል፤ እሱም ቢሆን ላኪው ስለ ራሱ የነገረውን ስም እውነተኛነት አያረጋግጥም።