የፋጢማ ትራስ



አንድ ወጣት ኒካሑን ለምን እንዳዘገየ ስጠይቀው «ኡስታዝ፣ የአልጋና የፍራሹ ብር አልሞላልኝም» አለኝ። አልሳቅኩበትም፤ ዋጋውን አውቀዋለሁ።

ነሳኢይ እንደዘገቡት፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸውን ፋጢማን (ረ.ዐ) ለዐሊይ (ረ.ዐ) ሲድሩ የሰጧት ወፍራም ጨርቅ፣ የውሃ መያዣ ቆዳና ኢዝኺር የተሞላ ትራስ ነበር። ኢዝኺር መልካም ሽታ ያለው የመካ ሳር ነው። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ የሐረሙ ዕፅዋት እንዳይቆረጥ ሲከለከል፣ ዐባስ (ረ.ዐ) ለቤታችንም ለቀብራችንም ያስፈልገናል ብለው ያስፈቀዱት ይህንኑ ሳር ነው። ትራስ ውስጥም ቀብር ውስጥም የሚገባ ሳር!

የአባቷ ፍራሽስ? እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ቆዳ ሆኖ ውስጡ የቴምር ዛፍ ቃጫ ነበር፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንድ ቀን ዑመር (ረ.ዐ) ሲገቡ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምንም ባልተነጠፈበት ሰሌን ላይ ጋደም ብለው አገኟቸው። ሰሌኑ ጎናቸው ላይ ሰንበር አውጥቷል። የኪስራና የቀይሰር ድሎት ትዝ ብሏቸው ዑመር አለቀሱ። ነብዩ ግን ለእነሱ ዱንያ፣ ለእኛ አኺራ መሆኑን አትወድምን ብለው ጠየቋቸው።

የስፖንጅ ፍራሽ ሐራም ነው አላልኩም። ለወጣቱም አንድ ስፖንጅ መሬት ላይ ይበቃችኋል ብዬዋለሁ። የልጅቷን አባት ላናግር እሁድ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ዱዓ አድርጉልን።