ስለ ሣርና ስለ እንጉዳይ እርሻ፤ በትየርኪዲና በባሮ ዳርቻ ላሉ ሹማምንት



በቻይና አገር በፉጂየን አውራጃ ሊን ዣንሺ የሚባሉ ሊቅ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 ዓመት፥ እንጉዳይን በዛፍ ፈንታ በተከተፈ ሣር ላይ የማብቀልን ዘዴ አወጡ። ስሙም ጁንጻው ይባላል፤ ጁን ማለት እንጉዳይ፥ ጻው ማለት ሣር ነው። ይህን ያሳሰባቸው በዚያ አውራጃ እንጉዳይ አብቃዮች ስለ በዙ ደኑ በመጥረቢያ ማለቁ ነበር። ጥበቡም በቻይናዎች ርዳታ በዚያው አቆጣጠር በ1997 ወደ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ፥ በ2014 ደግሞ ከ300 በላይ ደሴቶች ወዳሉት ወደ ፊጂ ገባ። ፊጂዎች የፈለጉት ከውጭ በገንዘብ የሚገዙትን እንጉዳይ ባገራቸው ለማብቀል፥ በበጋም ለከብቶቻቸው ለምለም ሣር ለማግኘት ነው።

ነገሩ ለጋምቤላ ይቀርባል። የጁንጻው ረጅሙ ሣር የዝሆን ሣር ዘመድ ነው፤ የዝሆን ሣርም የአፍሪካ ተወላጅ ስለ ሆነ፥ ደሴተኞቹ ከባሕር ማዶ የተቀበሉትን ዐይነት እኛ ባገራችን እናገኘዋለን።

የትየርኪዲ ሰፈር በኢታንግ ልዩ ወረዳ በ2006 ዓመተ ምሕረት የተቋቋመ ሲሆን፥ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ፥ ቍጥራቸው ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሰዎች ተጠግተውበታል። አብዛኞቹ ኑዌሮች ናቸው፤ የላምን ነገር በጽሕፈት ቤት ከምንቀመጠው ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። ነገር ግን ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሲያድር በየቀኑ ማገዶ ያሻዋል፤ ሴቶቹም እንጨት ፍለጋ ርቀው ሲሄዱ ከባላገሩ ጋር ጠብ ይነሣል። ስለዚህ የእንጉዳይ ርዳታ ይምጣ ሲባል፥ ሹሙ አስቀድሞ ምን ያህል እንጨት እንደሚያስፈጅ ይጠይቅ።

ይኸውም በተለመደው ሥርዐት የደረቀው ሣር ተከትፎ ከፉርሽካ ጋር ይደባለቅና በላስቲክ ከረጢት ታጭቆ፥ ሻጋታው እንዲሞት ለብዙ ሰዓት በእንፋሎት ይቀቀላል። በትየርኪዲ ይህ የተደረገ እንደ ሆነ፥ ዛፍ ለማዳን የተፈጠረው ጥበብ ዛፍ ያስቈርጣል። እሳት የማያሻው ሌላ መንገድ አለ። የተከተፈው ሣር ኖራ በተበጠበጠበት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጠዋት ውሃው ተንጠፍጥፎ ዘሩ ይቀላቀልበታል። በዚህ መንገድ ፉርሽካ መጨመር አያሻም፤ ሻጋታ ይጠራልና። ምርቱ ከእንፋሎቱ ጥቂት ሊያንስ ይችላል፤ እኔ ግን ለኢታንግ ይህን እመርጣለሁ። ኖራ እጅን ስለሚበላ ሠራተኛው ጓንት ያድርግ።

ከሣሩ ይልቅ የሚያስጨንቀው የእንጉዳዩ ዘር ነው። ይህ ዘር እንደ ጤፍ ከጎተራ የሚወጣ ፍሬ አይደለም፤ በንጹሕ ክፍል፥ በተቀቀለ ማሽላ ወይም ስንዴ ላይ የሚረባ ሕያው ነገር ስለ ሆነ፥ በቀዝቃዛ ስፍራ ካልተቀመጠ በጋምቤላ ሙቀት ፈጥኖ ይበላሻል። ርዳታ ሰጪው የሚሰጠውን ዘር ጨርሶ የተመለሰ እንደ ሆነ ባዶ ከረጢት ይቀራል። ስለዚህ ውል ሲፈረም ያገር ልጆች ዘር ማርባትን የሚማሩበት አንቀጽ ይግባበት። ዐይነቱም ሙቀት የሚችል ይሁን፤ ጎጆው በሣር የተከደነ፥ ወለሉም በየቀኑ ውሃ የሚርከፈከፍበት ይሁን። ከእርጥብ እንጉዳይ ከዐሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ውሃ ነው፤ ለወጥ ይረዳል እንጂ እህልን አይተካም። በጥቂት ቀንም ስለሚበላሽ፥ በጋምቤላ ገበያ ያልተሸጠው በፀሐይ ይድረቅ።

ለከብት የሚሆነው ሣር ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ሲሆን ይታጨዳል፤ ከዚያ ካለፈ አገዳው ይጠነክራል፥ የሚያጠግበውም ይቀንሳል። መሬትን አብዝቶ ስለሚበላ ፍግ ይከተለው፤ እንጉዳይ የለቀቀው ሣርም ለዚሁ ይሆናል።

የባሮ ዳርቻ ባለቤት የሌለው ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በበጋ የኑዌር ከብት የሚወርድበት ግጦሽ፥ ውሃው ሲጎድልም አኝዋው በቆሎ የሚዘራበት ማሳ ነው። የስደተኞች አዋጅ ቍጥር 1110/2011 ስደተኛው ሠርቶ እንዲያድር በር ከፍቷል፤ ሆኖም መሬቱን ከመለካት በፊት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይስማሙ፤ ከሚታጨደውም ለባላገሩ ድርሻ ይቈረጥለት።

ስፍራ ሲመረጥ በበጋ የሚታየው ደረቅ መሬት አያታልል። በ2006 ክረምት የሌይቹር ሰፈር በጎርፍ ተውጦ፥ ሕዝቡ በኋላ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲዛወር ግድ ሆኗል። ያን ጊዜ ውሃው የደረሰበትን ምልክት ከባላገሩ ጠይቆ ከዚያ በላይ መትከል ይገባል። ሦስት አንጓ ያለው የአገዳ ቍራጭ በሚያዝያ ይዘጋጅ፤ በግንቦት ዝናቡ ሲጠና ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ ገብቶ አንዱ ከላይ እንዲቀር ተደርጎ ይተከል፤ በመስመርና በመስመር መካከልም አንድ ሜትር ይተው።