«ቨርዲክት» የሚለው ቃልና የእኛ አውጫጭኝ

በእንግሊዝኛ ስለ ፍርድ ቤት በተጻፉ ታሪኮች ውስጥ «ቨርዲክት» የሚል ቃል ደጋግሞ ይገኛል። መዝገበ ቃላት ብንከፍት «ፍርድ» ወይም «ብይን» ብሎ ይፈታልናል። ፍቺው ስሕተት ነው ባይባልም ጎደሎ ነው። ምክንያቱም ፍርድ የሚሰጠው ዳኛ ሲሆን፣ ቨርዲክትን የሚሰጡት ግን ብዙውን ጊዜ ዳኞች አይደሉም። ስለዚህ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ከወዴት እንደ መጣና በአገራችን ከምን ጋር ሊነጻጸር እንደሚችል የመረመርሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ላቀርብ ወደድሁ።

በመጀመሪያ ጁሪ የሚባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገርና ሕጓን ከእርሷ በወሰዱት እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች፣ አንድ ሰው በከባድ ወንጀል ሲከሰስ ከሕዝቡ መካከል በዕጣ የተጠሩ 12 ሰዎች ምለው በችሎቱ ይቀመጣሉ። ገበሬ፣ ነጋዴ፣ አስተማሪ ወይም ሾፌር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሕግ መማር አይጠበቅባቸውም። የሁለቱን ወገን ምስክር ከሰሙ በኋላ ለብቻቸው ገብተው ይመክራሉ። ሲወጡም አለቃቸው ተነሥቶ «ጥፋተኛ ነው» ወይም «ጥፋተኛ አይደለም» ይላል። ቨርዲክት ማለት ይህች አጭር ቃል ናት። ቅጣቱን የሚለካው ዳኛው ነው፤ ሰዎቹ ግን ለምን እንዲህ እንዳሉ ምክንያት አይጠየቁም።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሲሆን ሥሩ ላቲን ነው። የመጀመሪያው ክፍል «እውነት»፣ ሁለተኛው ክፍል «የተባለ» ማለት ስለ ሆነ፣ በአንድነት «በእውነት የተባለ» ብለን ልንፈታው እንችላለን። እንግሊዞች ቀድሞ «ቨርዲት» ይሉት ነበር፤ በመካከሉ ያለችውን የ«ክ» ድምፅ የጨመሩበት በኋላ ዘመን የላቲን ሊቃውንት ቃሉን ከምንጩ ለማመሳሰል ሲሉ ነው። «ጁሪ» የሚለው ደግሞ የመጣው ከመሐላ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ብናጣምራቸው «የማሉ ሰዎች በእውነት የተናገሩት» የሚል ይወጣናል። አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው፣ በዚህ ስም ውስጥ መፍረድ የሚል ነገር ጨርሶ አለመኖሩን ነው። ያለው መናገር ብቻ ነው።

የእኛ ቃላት ከሌላ በኩል የመጡ ናቸው። ፍትሕ «ፈትሐ» ከሚለው ግእዝ የወጣ ሲሆን፣ ፈትሐ ማለት ፈረደ ማለትም የታሰረውን ፈታ ማለትም ነው፤ ነገርን እንደ ቋጠሮ አይተውት ይሆናል። ብይን «በየነ» ከሚለው ነው፤ ይኸውም ለየ፣ ገለጠ ማለት ነው። በዛሬው ፍርድ ቤት ደግሞ እነዚህ ቃላት የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ብዙ ሰው ግን ያደባልቃቸዋል። በወንጀል ክስ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ዳኛው «ተከሳሹ ይከላከል» ወይም «በነጻ ይሰናበት» ቢል ያ ብይን ነው። መከላከያው ከተሰማ በኋላ ጥፋተኛ መሆኑንና አለመሆኑን ሲናገር ፍርድ ነው። የእስራቱ ወይም የመቀጫው ልክ የሚነገረው ከዚያ በኋላ በቅጣት ውሳኔ ነው። ስለዚህ በሬዲዮ «ብይን ተሰጠ» ሲባል ሰውዬው ተፈረደበት ብሎ ማልቀስም ሆነ መደሰት ገና ነው።

ከእነዚህ ሁሉ «በእውነት የተባለ» ከሚለው ጋር የሚገጥም አላገኘሁም። የቃሉን ታሪክ ወደ ኋላ ስከተል ግን ከምናውቀው ነገር ጋር ተገናኘሁ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1166 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ 2ኛው ሄንሪ ክላሬንደን በሚባል ስፍራ አንድ ሥርዐት አወጣ። በሥርዐቱም መሠረት «መቶ» ከሚባለው ከእያንዳንዱ ወረዳ 12፣ ከእያንዳንዱም መንደር 4 የታመኑ ሰዎች እየተጠሩ፣ በአካባቢያቸው ወንበዴ ወይም ነፍሰ ገዳይ ወይም ሌባ ተብሎ የሚታማ ሰው ቢኖር ምለው እንዲናገሩ ተደረገ። እነዚህ ሰዎች ምስክር ሰምተው የሚፈርዱ አልነበሩም። ራሳቸው ጎረቤቶች ነበሩና የተጠየቁት የሚያውቁትን ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ «ይህማ አውጫጭኝ ነው!» አልሁ።

አውጫጭኝን፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታን፣ ወላጆቻችን በወሬ ያውቁት ይሆናል፤ እኛ ተማሪዎች ግን ስሙን እንኳ የምንሰማው ከስንት አንዴ ነው። በአንድ አገር ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል፣ አድራጊውም ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ጥፋተኛውን እስኪያወጣ ድረስ የሚቀመጥበት ሥርዐት ነው። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በጉራጌ ገጠር ስለ ተቃጠለ አንድ ጎጆና ስለ ተደረገው ምርመራ በእንግሊዝኛ የጻፉት ልብ ወለድ ስሙም «አፈርሳታ» ነው።

አያቴ በልጅነታቸው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በዚሁ በወግዲ በኩል የተደረገ አንድ አውጫጭኝ ያስታውሳሉ። እንዲያጫውቱኝ በለመንኋቸው ጊዜ እንዲህ አሉኝ። የአንድ ሰው ጥማድ በሬ ሌሊት ተነዳበት፤ ዱካውም ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ጠፋ። ከዚያ አዋጅ ተነግሮ ወንድ የተባለ ሁሉ ስንቁን ይዞ ሜዳ ላይ ወጣ። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ወቅቱ የጤፍ አጨዳ ነበርና ሰዉ ዐይኑ ከማሳው ላይ እንደ ሆነ ሦስት ቀን ተቀመጠ። የተመረጡ ሽማግሌዎች ፈንጠር ብለው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም ሰው ተራ በተራ እየቀረበ የሚያውቀውን በጆሮ ይነግራቸዋል። ተናጋሪው «አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል እንጂ። የተናገረው ሰው ማን እንደ ሆነ እንዳይታወቅ፣ ቂምም እንዳይያዝበት ነው። ጥፋተኛው ካልተገኘ የጠፋውን ከብት ሕዝቡ አዋጥቶ ይከፍላል።

«ታዲያ ሌባው ተገኘ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ስም ተገኘ» አሉኝ። «ከወዲያ ማዶ መጥቶ በእርቦ የሚያርስ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ወፏ ሁሉ እርሱን ጠራች። ልጄ፣ ወፏ ዘመድ ያለውን ሰው አትጠራም።»

ሰውዬው ምን እንደ ሆነ ስጠይቃቸው፣ ያለችውን አንዲት ላም ለበሬዎቹ ባለቤት አስረክቦ አገሩን ለቆ መሄዱን ነገሩኝ። በሬዎቹ አልተገኙም። አያቴ ግን አውጫጭኝን ጨርሰው አይነቅፉም፤ ፖሊስ በሌለበት አገር ሌባን ያስፈራ የነበረው ይህ ብቻ ነው ይላሉ። ይህንንም ቃላቸውን ሳልጽፍ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል።

ነገሩ የጥንት ብቻ እንዳይመስለን አንድ ነገር ልጨምር። ቀድሞ በተማርሁበት ትምህርት ቤት አንድ ቀን የአንዲት ተማሪ ገንዘብ ከደብተሯ መካከል ጠፋ። በሩ ተዘግቶ፣ የጠረጠርነውን ሰው ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈን እንድንሰጥ፣ እስከዚያም ማንም ወደ ቤቱ እንደማይሄድ ተነገረን። የአብዛኞቻችን መንገድ የሁለት ሰዓት ነበር፤ ፀሓይም እየዞረች ነበር። እኔ ባዶ ወረቀት አጥፌ ሰጠሁ፤ እንዲህ ያደረግን ግን ጥቂቶች ነበርን። ወረቀቶቹ ሲቈጠሩ የአንድ ልጅ ስም በዛ። ልጁ በቤት ኪራይ ለብቻው የሚኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ዕቃ እየተሸከመ የሚማር ነበር። ማንም ሲሰርቅ አየሁት አላለም። በማግሥቱ አልመጣም፤ ከዚያም ወዲህ አልመጣም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነው። የእንግሊዞቹ 12 ሰዎችና የእኛ አውጫጭኝ ሲጀመሩ ይህን ያህል ከተመሳሰሉ፣ አንዱ እስከ ዛሬ ሲሠራበት ሌላው ስለ ምን ቀረ? ሰዎቹ ከእኛ ይልቅ እውነተኞች ስለ ሆኑ ነው እንዳንል፣ ታሪካቸው አይፈቅድልንም። በመጀመሪያ በጎረቤት የታማው ሰው ንጹሕ መሆኑ የሚፈተነው ወደ ውኃ ተጥሎ ወይም የጋለ ብረት ተሸክሞ ነበር። እኛም ዘንድ ሌባ ሻይ የሚባል ነበረ፤ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየሮጠ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። በ1215 ዓ.ም. የሮማ ቤተ ክርስቲያን በላተራን ጉባኤ ካህናቷ በእሳትና በውኃው ፈተና እንዳይገኙ ከለከለች። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ዳኞች የሚይዙት የሚጨብጡት ቢያጡ የማሉትን ጎረቤቶች «እናንተው ንገሩን» አሏቸው። ከዚያ በኋላ በብዙ መቶ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ምስክርና መሐለኛ ተለያዩ። የሚያውቀው ሰው በችሎት ቆሞ፣ ተከሳሹ እየሰማው ይናገራል፤ የማሉትም ሰዎች ከዚያ በተሰማው ላይ ብቻ ይቈርጣሉ። በእኔ አስተያየት ወፏ የሞተችው እዚህ ላይ ነው።

ይህም ቢሆን አልበቃም። መሐለኞቹ እስኪስማሙ ድረስ ያለ ምግብ፣ ያለ መጠጥና ያለ እሳት ተዘግቶባቸው ይቀመጡ ነበርና ከእኛ ሜዳ ብዙ አይሻልም። በ1670 ዓ.ም. በለንደን ዊልያም ፔንና ዊልያም ሚድ የተባሉ ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሕዝብ ሰብስበው በመስበካቸው ተከሰሱ። መሐለኞቹ ጥፋተኛ ናቸው ለማለት እንቢ አሉ። ዳኞቹ ተቈጥተው መላልሰው አስገቧቸው፤ ሁለት ሌሊት ያለ ምግብና ያለ ውኃ አሳደሯቸው። በመጨረሻም 12ቱ «ጥፋተኛ አይደሉም» ቢሉ፣ እያንዳንዳቸው 40 ማርክ ተቀጡና እስኪከፍሉ ወደ ወህኒ ወረዱ። ኤድዋርድ ቡሼል የተባለው ከመካከላቸው አልከፍልም ብሎ ለሌላ ፍርድ ቤት አመለከተ። ዋናው ዳኛ ጆን ቮን፣ መሐለኛ በሰጠው ቃል ሊቀጣ አይገባውም ብሎ ፈታው። ቨርዲክት ስሙን የመሰለው ከዚህ ቀን ጀምሮ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ሰው ለመናገር ሲራብ ወይም በተናገረው ሲታሰር የሚወጣው ቃል እውነት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ማወቂያ ግን የለውም።

በአገራችን ጁሪ ቆሞ አያውቅም። የ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲዘጋጅ ረቂቁን የሠሩት ሰር ቻርልስ ማቲው የሚባሉ የብሪታንያ ዳኛ ነበሩ፤ እርሳቸውም ቢሆኑ ጁሪን አላመጡልንም። በዚህ ሕግ ዳኛው ፍርዱን በጽሑፍ ያደርጋል፤ የትኛውን ማስረጃ ለምን እንደ ተቀበለና የትኛውን ለምን እንደ ጣለ ይገልጣል። አውጫጭኝም በሕጉ ውስጥ ቦታ አላገኘም፤ ምንም እንኳ በየገጠሩ ወዲያው ባይቀርም። ቀጥሎም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና የመሰከሩበትን ሰዎች የመጠየቅ መብት እንዳለው ደነገገ። ወፍን ግን መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቅ አይቻልም።

ሆኖም ብዙ ሆኖ የመፍረድ ልማድ ከእኛ ዘንድ አልነበረም ማለት አይደለም። በጥንቱ ችሎት ሹሙ ብቻውን አይፈርድም ነበር። በግራና በቀኝ የተቀመጡት ሰዎች በየተራ ተነሥተው እንዴት እንደሚፈርዱ ይናገሩ ነበር፤ በነገሥታቱም ችሎት ሳይቀር የሚጀምረው ከማዕርግ ታናሹ ነው፤ ታላቁ የሚናገረው በመጨረሻ ነው። ይህ ሥርዐት በጣም ያስደንቀኛል። ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ታናሹ እርሱን ተከትሎ «እኔም እንደ ጌታዬ» ከማለት በቀር ምን ይላል? በክፍላችን የክርክር ሰዓት አለቃው ቀድሞ ሲናገር የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን። የክርክር ክበባችን ይህን የአባቶች ደንብ ቢይዝ መልካም ይመስለኛል።

የቀረው የትርጕሙ ነገር ነው። «ፍርድ» እንዳንለው የዳኛው ነው፤ «ብይን» እንዳንለው በፍርድ ቤታችን ሌላ ሥራ ይዟል። «ውሳኔ» ደግሞ ለዕድር ስብሰባም ይነገራል። እኔ «የመሐለኞች ቃል» ብየዋለሁ፤ መሐላውንም መናገሩንም ይይዛልና። የአማርኛ መምህራችን ሲያነቡት፣ መሐለኛ የሚለው ነገር የሚወድ ሰው ያስመስላል ብለው ተቃውመውኛል። ከዚህ የተሻለ ቃል ያገኘ ተማሪ ወይም ወላጅ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ጽፎ ቢሰጥ፣ በሚመጣው ዓመት ከስሙ ጋር እናወጣለታለን።