አንድ በርሜል ለመቀባት
(ኤፖክሲ ቀለምን በጥቂቱ ስለ ማግኘትና ስለ መቀላቀል)

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ሶፊ በሄድሁ ጊዜ፥ እናቴ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ይዛኝ የሄደችው ወደ ውኃው በርሜል ነበር። ጎንበስ ብዬ ባየው ሆዱ በሙሉ ዝጓል፤ ከታች አንድ ጣት የሚሆን ቀይ ደለል ተኝቶበታል። «ዩኒቨርስቲ የገባኸው ለምን ነው? በል መላ አምጣ!» አለችኝ። የአርት ፋኩልቲ ተማሪ መሆኔን ላስረዳት ሞከርሁ፤ ለእርስዋ ግን ፋኩልቲ ሁሉ አንድ ነው።

የሐረርን አገር የማያውቅ አንባቢ «በርሜል ምን ያህል ነገር ነው?» ይል ይሆናል። ከተማዋ ለብዙ ዘመን የምትጠጣው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀና ውኃ ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በቧንቧ ዳገቱን እየተገፋ መምጣት ጀመረ። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ውኃ ማጠራቀም የዕለት ኑሮ ነው፤ የበርሜል መዛግም የቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ይሆናል።

ጎረቤቶች የመከሩን የተለመደውን የዘይት ቀለም እንድንቀባው ነበር። ይህ ግን አያዋጣም፤ የዘይት ቀለም ዘወትር ውኃ ሲተኛበት እያበጠ ይላጣል፤ በውስጡ ያለውም ሁሉ ለሚጠጣ ነገር ታስቦ የተሠራ አይደለም። ለውኃ ማጠራቀሚያ ብረት የሚስማማው ኤፖክሲ የሚባለው ነው፤ እርሱም ቢሆን ሁሉም ዓይነት አይደለም። በጣሳው ላይ «ለመጠጥ ውኃ» ተብሎ የተጻፈበትና ቲነር ያልገባበት መሆን አለበት። ደግሞም በርሜሉ ቀድሞ ኬሚካል የተጫነበት ከሆነ የቱም ቀለም አያድነውም፤ ለሌላ አገልግሎት ይዋል።

ኤፖክሲ ምንድን ነው? ስሙ ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ኤፒ» በላይ ማለት ሲሆን «ኦክሲ» ኦክሲጅንን ያመለክታል። (ከአርት ፋኩልቲ ያገኘሁት ጥቅም እስከዚህ ነው።) አንድ የኦክሲጅን አተምና ሁለት የካርቦን አተሞች በጠባብ ሦስት ማዕዘን ተያይዘው ይገኙበታል። ይህ ሦስት ማዕዘን እንደ ተለጠጠ ደጋን ነው፤ የሚያስፈታው ካገኘ ይፈታል። የሚያስፈታው በሁለተኛው ጣሳ የሚመጣው ማጠንከሪያ፥ ብዙውን ጊዜ አሚን የሚባለው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ እጅ ለእጅ እየተያያዙ አንድ ትልቅ መረብ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ እሳት ላይ ቢጥዱት እንኳ ተመልሶ አይቀልጥም። ስዊሳዊው ኬሚስት ፒየር ካስታን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ በዚህ ነገር ላይ ሲሠራ ያሰበው ስለ በርሜል ሳይሆን ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር። በ1946 በዚያው አቆጣጠር «አራልዳይት» የተባለው ማጣበቂያ ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬም በሁለት ትንንሽ ቱቦ ሆኖ በየሱቁ የምናየው እርሱንና መሰሎቹን ነው።

እንግዲህ ችግሩ ይህ ነው። ማጣበቂያው በትንሹ ይገኛል፤ ቀለሙ ግን አይገኝም። ከሸዋ በር ጀምሬ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡትን ጠየቅሁ፤ ወደ ድሬዳዋም ወርጄ ቀፊራ አካባቢ ዞርሁ። ያለው የአምስት ሊትርና የሃያ ሊትር ነው፤ ኤፖክሲ የሚገዛው የፋብሪካን ወለል ወይም ትልቅ ታንከር የሚቀባ ሥራ ተቋራጭ እንጂ የአንድ በርሜል ባለቤት አይደለምና። የእኔን ፍላጎት በወረቀት አሰላሁት። ባለ 200 ሊትር በርሜል ስፋቱ 57 ሳንቲ ሜትር፥ ቁመቱ 88 ያህል ነው፤ ጎኑና ታቹ ሲደመር 1.8 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሁለት ጊዜ ቢቀባ ሦስት አራተኛ ሊትር ይጠይቃል፤ በብሩሽና በዕቃ የሚቀረው ሲጨመር አንድ ሊትር እንበለው።

አንድ ሱቅ የተከፈተ ጣሳ ቀንሶ ሸጠልኝ። ደስታዬ አልቆየም። ሻጩ ላይ ላዩን ቀዳልኝ፤ የቀለሙ ዱቄት ግን ክብደት ስላለው ከታች ይዘቅጣል፤ ስለዚህ የወሰድሁት ቀጭኑን ብቻ ነበር። ሌላው ስሕተት የራሴ ነው። ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛዬ «ቶሎ እንዲደርቅ ማጠንከሪያውን አብዛ» ብሎኝ አበዛሁ። እርሱ የሚያውቀው የመኪናውን ስቱኮ ነው፤ በስቱኮ ማድረቂያው ጥቂት ቢጨመር ሥራውን ያፋጥናል እንጂ ከመረቡ እንደ ዋና አካል አይገባም። በኤፖክሲ ግን ማጠንከሪያው ራሱ የመረቡ ግማሽ ነው፤ የተረፈው የሚይዘው እጅ አጥቶ እንደ ለሰለሰ ይቀራል። በርሜሉ ከሳምንት በኋላም በጣት ይያዝ ነበር። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ያን ጊዜ ብትናገር ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ፍቄ ማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ከዚህ በኋላ የተማርሁት ነገር ልኬት ነው። ጣሳው «4 ለ1» ቢል በስፍር ይሁን በክብደት መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀለም ያለበት ክፍል ከውኃ አንድ ጊዜ ተኩል ቢከብድና ማጠንከሪያው ከውኃ ጋር ቢተካከል፥ በስፍር 4 ለ1 የሆነው በሚዛን 6 ለ1 ይሆናል። ደግሞ ጥቂት በሚቀላቀልበት ጊዜ ስሕተት ትልቅ ነው፤ ለ120 ግራም ቀለም የሚገባው ማጠንከሪያ 20 ግራም ሲሆን፥ አምስት ግራም ብቻ መሳት ሩቡን መሳት ነው። የሽንኩርት ሚዛን ለዚህ አይሆንም። በጁገል ውስጥ ብር የሚሠራ አንጥረኛ ሚዛኑን አዋሰኝ፤ በመጀመሪያ ሳቀ፥ በኋላ ግን ራሱ ይመዝንልኝ ጀመር።

ቀለሙን በመጨረሻ ያገኘነው ደግሞ በሱቅ ብልሃት አይደለም። አምስት ሊትር ለአምስት በርሜል ይበቃል፤ የዛገ በርሜል ያለባቸው ጎረቤቶችም ከአራት በላይ ነበሩ። በአፎቻና በዕቁብ ለለመደ ሰው ገንዘብ ማዋጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ ከባዱ አከፋፈሉ ነው። ሁለቱ ጣሳዎች በየራሳቸው እስከ ታች ድረስ በደንብ ይማሰላሉ፤ ከዚያም በየራሳቸው ይከፈላሉ። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ክዳን ያለው ደረቅ ጠርሙስ ይሰጣል፤ የሚቀላቀለው በሚቀባበት ሰዓት ብቻ ነው። አንዴ ከተቀላቀለ ሊመለስ የማይችል ከመሆኑም በላይ፥ በብዛት በአንድ ዕቃ ከተቀመጠ በራሱ ሙቀት ይፈላና በእጅ ላይ ይደነድናል።

የቀባነው ክረምቱን ትተን በሴሚስተሩ ዕረፍት፥ በደረቅ ወራት ነው። ብርድ ሥራውን ያዘገየዋል፤ ሙቀቱ በዐሥር ዲግሪ ሲወርድ የመጥናቱ ፍጥነት በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ሐረር ደግሞ ደጋማ ናት፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን ፈገፈግነው፤ ረፋድ ላይ ጠሉ ከደረቀ በኋላ በርሜሉን ከደጅ አጋድመን፥ ጓንት አጥልቀን ቀባነው። (ማጠንከሪያው ቆዳን ያስቆጣል፤ አንድ ጊዜ ያስቆጣው ሰው ሁልጊዜ ሊያስቆጣው ይችላል።) ሰባት ቀን ሙሉ ውኃ አልነካውም። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሞልተን ደፋነው፤ ሦስተኛውን ጠጣን።

አንድ ነገር ላክል። አጎቴ የተረፈውን ይዞ ወደ አክስቴ ቤት፥ ጁገል ውስጥ፥ ነደባውን ሊቀባ ተነሥቶ ነበር። ቀዩ አፈር በየጊዜው መታደስ ስለሚፈልግ አድካሚ ነው፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ያ ቤት በድንጋይ፥ በጭቃና በኖራ የተሠራ ነው፤ እርጥበቱን በወለሉና በግድግዳው ይተነፍሳል። በኤፖክሲ ቢደፈን እርጥበቱ መውጫ ፍለጋ ጨው ይዞ ቀለሙን ከነአፈሩ ይገነጥለዋል። ቀዩ መደብ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው እየተባለም ይነገራል፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን ጁገልን በፋብሪካ ወለል ቀለም መለቅለቅ ለአክስቴም አልተዋጠላትም። «ነደባዬ ፋብሪካ ነው እንዴ?» ብላ ብሩሹን ነጠቀችው።

የተረፈው ሩብ ሊትር ያህል ሁለቱ ክፍል ለየብቻው በጠርሙስ ሆኖ ከእኔ ዘንድ አለ። የሚፈልግ ተማሪ ቢኖር መጥቶ ይውሰድ፤ ሚዛን ግን ራሱ ይፈልግ።