የቆላ መኪና ዕድሜ

(ገንዳ ውሃ። የሰሊጥ አጨዳ ሊደርስ ነው። አሮጌ ላንድክሩዘር የተረከበ ወጣት ሾፌር፣ በጎንደር–መተማ መንገድ የሸበቱ ሾፌር ዘንድ ምክር ሊጠይቅ መጥቷል።)

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ቆጣሪው 600 ሺህ አልፏል። ሞተሩ ግን ተከፍቶ አያውቅም ይሉኛል። ስንት ይቀረው ይሆን?

ሽማግሌው፦ እዚህ አገር ቆጣሪ ይዋሻል ልጄ። በክረምት ዋልካ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ስታስጨንቀው ውለህ ቆጣሪውን ብታየው 20 ኪሎ ሜትር ላይሞላ ይችላል፤ ሞተሩ ግን ጎንደር ደርሶ የተመለሰ ያህል ለፍቷል። ዘይት የምትቀይረው በሥራው ልክ ነው። ሰሊጥ ስታመላልስ 5 ሺህ እስኪሞላ አትጠብቅ።

ወጣቱ፦ ኢርቭ ጎርደን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1966 በገዛት ቮልቮ ከ5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነድቷል አሉ። የኛስ እንደዚያ አይሄድም?

ሽማግሌው፦ ሰውየው ክብር ይገባዋል። ግን ረጅም የአስፋልት ጉዞ የሚወድ ሰው ነበር። ሞተር አንዴ ሞቆ ቀኑን ሙሉ በእኩል ሲሄድ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ሲያድር ቀዝቅዞ ሲነሳ፣ ዘይት ሁሉም ጋ ሳይዳረስ ጋዝ ሲረገጥበት ነው። ጠዋት አስነስተህ ጥቂት ታገስ፤ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በቀስታ ሂድ። የኛ ዋና ጠላት ግን ሙቀትና አቧራ ነው።

ወጣቱ፦ ለሙቀቱ ምን ላድርግ?

ሽማግሌው፦ ከራዲያተር ክዳን ጀምር። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር አካባቢ ናት፤ አይከል ከ2,000 በላይ ነው። ክዳን በሌለው ዕቃ የጣድከው ውሃ መተማ በ98 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አይከል ግን 93 አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ራዲያተር ከዚያ በላይ የሚችለው ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ነው። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ ጭነህ ከነጋዴ ባሕር ወደ አይከል ስትወጣ፣ ሞተሩ በጣም በሚለፋበት ሰዓት ውሃው ይገነፍላል። ሰው ፓምፕ ያስቀይራል፣ ራዲያተር ያስቀይራል፤ ክዳኑን ገልብጦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ይኼ ያሳዝነኛል።

ወጣቱ፦ ከገነፈለስ?

ሽማግሌው፦ ቁም፣ አጥፋ፣ ጠብቅ። ትኩሱን ክዳን አትንካ፤ ፊት ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈስ ደግሞ ቴስታታውን ይሰነጥቃል። በአጨዳ ወቅት የራዲያተሩን ክንፎች በየማታው እያቸው፤ ገለባና የሳር ፍሬ ይደፍናቸዋል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ ልቀቅባቸው።

ወጣቱ፦ አቧራውንስ? ፊልትሮውን በየጊዜው አስነፋለሁ።

ሽማግሌው፦ ከውስጥ ወደ ውጭ ካስነፋኸው ደግ። ግን እሱ ብቻ አይበቃም። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ፍታና ጣትህን ውስጡ አስገብተህ አሽት። ጣትህ ላይ ቀይ አቧራ ካገኘህ ጎማው ተቀዷል ወይም ማሰሪያው ላልቷል፤ አዲስ ፊልትሮ ብትገዛም ሞተሩ አሸዋ እየዋጠ ነው። ሲሊንደር የሚበላው እሱ ነው። ናፍጣ ከበርሜል ስትቀዳም አሳድረው፤ ውሃው ወደ ታች ይዘቅጣል። የመጨረሻውን አትቅዳ፤ ውሃ የናፍጣ ፓምፑን ይጨርሰዋል።

ወጣቱ፦ የታይሚንግ ቺንጋውስ? የሸጠልኝ ሰው ቅርብ ጊዜ ቀይሬዋለሁ ብሏል።

ሽማግሌው፦ ደረሰኝ አለህ?

ወጣቱ፦ የለኝም።

ሽማግሌው፦ እንግዲያው አልተቀየረም ብለህ ያዝ። በዚህ ሞተር በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ነው የሚቀየረው። ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ያልተከፈተው ሞተር ይከፈታል። አጨዳው ሳይጀመር ጎንደር ውጣና አስቀይር፤ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩንም ጽፈህ ኮፈኑ ሥር ለጥፍ።